ገራፊው የማይሰማው ጅራፍ

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ በድሎ የሚያለቅሰውን፣ በሌላው ላይ ያደረሰውን ጉዳት በራሱ ላይ እንደ ደረሰ አስመስሎ የሚከስሰውን ለመንቀፍ የተተረተ ነው። ከመካከላችን በቡሄ ሰሞን ጅራፍ እያጮኸ ያደገ ብዙ ነው፤ ያ ጩኸት ከምን እንደሚመጣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ጅራፉ ማንንም ሳይነካ በባዶ አየር ላይ ይጮኻልና ጩኸቱ ከመጋጨት የመጣ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ሌላ ነው። የጅራፉ ጫፍ ለቅጽበት ያህል ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይሮጣል፤ ከፊቱ ያለው አየር ለመሸሽ ጊዜ ስለሚያጣ በድንገት ይጨመቃል፤ ያ የተጨመቀ አየር ወደ ጆሮአችን ሲደርስ «ጧ!» ይላል። እንግዲህ የቡሄ ልጆች አውሮፕላን ከመታሰቡ ብዙ ዘመን በፊት ከድምፅ የሚፈጥን መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ኖረዋል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚያ ጅራፍ ታላቅ ወንድም፣ ፈረንጆች «ሶኒክ ቡም» ስለሚሉት የአውሮፕላን ነጎድጓድ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ነጎድጓድ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ የተኛ ሕፃን የሚያባንን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነበር። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማው የሚኖር ሰው እጅግ ብዙ ነው። ለምን ጠፋ ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጓደኞቻችን «አውሮፕላኖቹ ስለ ተሻሻሉ ይሆናላ!» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን መልሱ ሌላ ነው እንላለን። ሰማዩ ዝም ያለው በዋነኛነት ከታች ያሉ ሰዎች «አንሰማም» ብለው ስለ ተከራከሩና ክርክራቸው ሕግ ስለ ሆነ ነው። እንቢ ለማለት ኃይል ያላገኙ ሰዎች ግን ዛሬም ይሰሙታል። ይህ ነገር አሁን እንደገና ለክርክር ስለ ቀረበ፣ እኛ ተማሪዎችም ልናውቀውና ሐሳብ ልንሰጥበት ይገባናል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ድምፅ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ብርዱ በሚበረታበት በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 1,060 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። አውሮፕላን ከዚህ በታች በሆነ ፍጥነት ሲበር የሚገፋው አየር ማዕበል ሆኖ ቀድሞት ይሄዳል። ፍጥነቱ ከድምፅ ሲበልጥ ግን ማዕበሉ ሊቀድመው ስለማይችል እየተደራረበ አንድ ብርቱ ግድግዳ ይሆናል። በጣና ወይም በላንጋኖ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ሲፈጥን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ጀልባው ከራሱ ማዕበል ስለሚፈጥን ውሃው ከኋላው በግራና በቀኝ እንደ ሁለት ክንፍ ተዘርግቶ እስከ ዳር ይደርሳል፤ ዳር የቆመውም ሰው ጀልባው ካለፈ በኋላ እግሩ ይርሳል። የኦስትሪያው ሊቅ ኤርንስት ማህ በ1880ዎቹ ዓመታት የተተኰሰ ጥይት በአየር ላይ የሚሠራውን ይህን የመሰለ ማዕበል ፎቶግራፍ ለማንሣት በቅቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የድምፅን ፍጥነት አንድ እጥፍ «ማክ 1»፣ ሁለት እጥፉን «ማክ 2» እያልን በእርሱ ስም እንጠራለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ነጎድጓዱ የሚሰማው አውሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት ባለፈባት በአንዲቱ ቅጽበት ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አውሮፕላኑ ከድምፅ በላይ በሚበርበት ጊዜ ሁሉ ማዕበሉን እንደ ቀሚስ ጫፍ በምድር ላይ እየጎተተ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማዋል፤ በመንገዱ ያለው ሕዝብ ግን እያንዳንዱ በየተራው ይሰማዋል። የሚጎተተውም ምንጣፍ ሰፊ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምድር ይሸፍናል። አንዱ በአዲስ አበባ ላይ ቢያልፍ በአንድ ወገን ቢሾፍቱ አጠገብ ይደርሳል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ድምፁ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከአፍንጫው፣ ሁለተኛው ከጅራቱ የሚነሣ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ ግን ምንም አይሰማውም፤ ማዕበሉን ከኋላው ጥሎት ይሄዳልና። ተረታችን እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ይህ ጅራፍ የሚገርፈው ሌላ፣ የሚጮኸው ሌላ ነው።

ከድምፅ የፈጠነው የመጀመሪያው የታወቀ የአውሮፕላን በረራ የተፈጸመው በኦክቶበር 14 ቀን 1947 ሲሆን በራሪው አሜሪካዊው ቻክ ዬገር፣ አውሮፕላኑም ቤል ኤክስ-1 የሚባለው፣ ሥፍራው የካሊፎርኒያ በረሃ ነበር። በዚያን ዘመን ነጎድጓዱ የኩራት ምልክት ነበር። በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ በሚደረገው የአየር ትርኢት ሕዝብ ይህንኑ ለመስማት ይጐርፍ ነበር። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1952 አንድ አውሮፕላን ነጎድጓዱን ካሰማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሕዝቡ ፊት በአየር ላይ ተሰባብሮ በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎችና 29 ተመልካቾች ሞቱ። አደጋው የመጣው ከአውሮፕላኑ አካል መሰበር እንጂ ከነጎድጓዱ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው በዚያ ዘመን ፍጥነትን ምን ያህል ያመልክ እንደ ነበር ያስረዳል። ቀጥሎም የጦር አውሮፕላኖች በከተሞች ላይ እየበዙ ሄዱ። በ1961ና በ1962 በሴንት ሉዊስ፣ በ1965 ደግሞ በቺካጎ ሰማይ ላይ ቢ-58 የሚባለው የቦምብ አውሮፕላን ሰው ነጎድጓዱን ምን ያህል እንደሚታገሥ ለማወቅ እንዲበር ተደርጓል።

ይህ ሁሉ ሙከራ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንግሊዝና ፈረንሣይ በኖቬምበር 1962 ኮንኮርድ የተባለውን ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን በኅብረት ለመሥራት ተፈራረሙ፤ ሶቪየት ኅብረትም ቱፖሌቭ-144ን ለመሥራት ተነሣች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደግሞ በጁን 1963 አገራቸው ከሁለቱ የሚበልጥና የሚፈጥን እንደምትሠራ አስታወቁ። ሥራው ለቦይንግ ኩባንያ ተሰጠ። የታሰበው አውሮፕላን ከ250 በላይ ሰው ጭኖ ወደ ማክ 2.7 በሚጠጋ ፍጥነት የሚበር ነበር። እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች በመቶ እየተቈጠሩ ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ቢመላለሱ የሰፊዪቱ አገር ሕዝብ በቀን ስንት ጊዜ ይገረፋል? መንግሥቱ ራሱ መልሱን ማወቅ ፈለገ፤ ለመጠየቅም የመረጣት ከተማ ኦክላሆማ ሲቲ ሆነች።

ከፌብሩዋሪ 3 ቀን 1964 ጀምሮ ለስድስት ወር ያህል፣ ከጠዋቱ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር 7 ሰዓት ጀምሮ በየቀኑ እስከ 8 ጊዜ ድረስ የጦር አውሮፕላኖች በከተማዪቱ ላይ ከድምፅ በላይ በረሩ። በጠቅላላው 1,253 ነጎድጓድ በሕዝቡ ላይ ወረደ። በመጀመሪያዎቹ 14 ሳምንታት በከተማዪቱ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ብቻ 147 መስተዋት ተሰበረ። ግድግዳ ተሰነጠቀብኝ፣ ልስን ረገፈብኝ የሚለው አቤቱታ በሺህ ተቈጠረ፤ አብዛኛው የካሣ ጥያቄ ግን ውድቅ ተደረገ። በመጨረሻም ለሕዝቡ መጠይቅ ቀርቦለት ከመቶው 73 እጅ «ልንለምደው እንችላለን» ሲል 27 እጅ «ከቶ አንለምደውም» አለ።

ይህን ቍጥር ቆም ብለን ልንመረምረው ይገባል። የበረራው ወዳጆች «ሦስት እጁ ሕዝብ ተስማምቷል» እያሉ ሊደሰቱበት ይችሉ ነበር። ነገር ግን አንደኛ፣ ኦክላሆማ ሲቲ የተመረጠችው ሕዝቧ ለአውሮፕላን ቅርብ ስለ ነበረ ነው፤ ታላቅ የአየር ኃይል ሠፈርና የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ስላለባት ብዙ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነበር። እንጀራውን ከሚሰጠው ነገር ጋር የሚጣላ ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ሙከራው የተደረገው በቀን ብቻ ነው፤ ሌሊት የተኛ ሰው ምን እንደሚል አልተጠየቀም። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ሙከራው በስድስት ወር እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር፤ ማብቂያ ያለውን መከራ መታገሥና ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን መቀበል አንድ አይደለም። ይህ ሁሉ ተመቻችቶለት እንኳ ከአራት ሰው አንዱ እንቢ አለ። የሚሊዮኖችን ሩብ ዕረፍት ለመንሣት የሚያበቃ ፍርድ ከዚህ መጠይቅ ሊወጣ አይችልም።

ክርክሩን ከከተማዪቱ አውጥተው ወደ አገሪቱ ያደረሱት ተራ ዜጎችና ጥቂት የሳይንስ ሰዎች ናቸው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ሸርክሊፍ በ1967 ነጎድጓዱን የሚቃወም የዜጎች ማኅበር መሠረቱ። በስዊድን ደግሞ የአገሪቱን የአውሮፕላን ምርምር ተቋም የመሩት መሐንዲስ ቦ ሉንድበርግ ገና ከጥንስሱ ጀምረው ነገሩ ለሕዝብ እንደማይበጅ በጽሑፍ ይከራከሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች አውሮፕላንን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ሉንድበርግ ዕድሜአቸውን ሙሉ አውሮፕላን የሠሩ ናቸው። ያደረጉት ነገር ሒሳቡን ከአዳራሽ አውጥቶ ለሕዝብ ማሳየት ነበር። ይኸውም ስንት ሰው ይበራል፣ ስንት ሰው ይሰማል የሚለውን ነው። በማርች 24 ቀን 1971 የአሜሪካ ሴኔት በ51 ድምፅ በ46 የቦይንግን አውሮፕላን ገንዘብ ከለከለ፤ ሥራውም ቆመ። ለዚህ ውሳኔ ነጎድጓዱ ብቻ ምክንያት እንዳልነበረ መሸሸግ አያስፈልገንም፤ ወጪው ከባድ ነበር፤ የላይኛው አየር ይበከላል የሚልም ሥጋት ነበረ። ይሁን እንጂ ተራው ሰው በቀጥታ የሚያውቀውና የሚመሰክርበት ነገር ነጎድጓዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1973 የአሜሪካ መንግሥት በአገሪቱ ምድር ላይ ሲቪል አውሮፕላን ከማክ 1 በላይ እንዳይበር በደንብ ከለከለ። ሌሎችም ብዙ አገሮች እንዲሁ አደረጉ።

ኮንኮርድ ሥራ ሲጀምር በጃንዩዋሪ 1976 የጠበቀው እንግዲህ የተዘጋ ሰማይ ነበር። በማክ 2 ፍጥነት መብረር የሚችለው በውቅያኖስ ላይ ብቻ ያህል ሆነ፤ ወደ ከተማ ሲቃረብ እንደ ሌላው አውሮፕላን ዝግ ማለት ነበረበት። እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን የእስያ ታሪክ ነው። በዲሴምበር 1977 ኮንኮርድ ከሎንዶን በባሕሬን በኩል ወደ ሲንጋፖር መብረር ቢጀምር የማሌዥያ መንግሥት በነጎድጓዱ ምክንያት ተቃወመና ሦስት ጊዜ ብቻ ተመላልሶ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1979 ሲሆን በ1980 ጨርሶ ቀረ። ሕንድም በምድሯ ላይ ከድምፅ በላይ እንዳይበር ከልክላ ነበር። ከቅኝ ግዛት ከወጡ ገና ሠላሳና ሃያ ዓመት ያህል የሆናቸው አገሮች «የእናንተ መንገደኛ ጥቂት ሰዓት እንዲያተርፍ የእኛ ገበሬ አይደነግጥም» ለማለት ችለዋል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው ታሪክ አጭር ነው። ቱፖሌቭ-144 ከሞስኮ እስከ አልማ-አታ መንገደኛ የጫነው ከኖቬምበር 1977 እስከ ጁን 1978 ብቻ ሲሆን 55 በረራ አድርጎ ቆመ። ኮንኮርድ በጁላይ 25 ቀን 2000 ፓሪስ አጠገብ ወድቆ 113 ሰው ሞተ፤ በ2003ም ሁለቱ የአየር መንገዶች ከአገልግሎት አወጡት። አንድ መቶ መንገደኛ ብቻ ለሚጭን፣ ነዳጅ እንደ ውሃ ለሚጠጣ አውሮፕላን የቲኬቱ ዋጋ ለባለጸጋ እንጂ ለሌላው የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ በቦሌ የምናያቸው ታላላቅ ጄቶች ሁሉ ከማክ 0.85 እምብዛም ሳያልፉ የሚበሩት ስለዚህ ነው። የጦር አውሮፕላኖችም በሰላም ጊዜ ከድምፅ በላይ የሚለማመዱት በአብዛኛው ከባሕር ዳር ርቀው ወይም ሰው በማይበዛባቸው በተከለሉ ሥፍራዎች ነው። ነጎድጓዱ ብርቅ የሆነው እንግዲህ በሦስት ምክንያት ነው፤ ሕጉ፣ ወጪውና የጦሩ ልማድ። ከሦስቱ ግን ሕጉ ከሌሎቹ ይቀድማል፤ አውሮፕላኑ በሰው ምድር ላይ መብረር ቢፈቀድለት ኖሮ ገበያው ይሰፋለት ነበርና።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንስማ። «እናንተ የምታመሰግኑት ሕግ ሥልጣኔን ለግማሽ ምዕት ዓመት አስሮ አቆመ፤ አባቶቻችን በ1969 ያበረሩትን እኛ ዛሬ ማብረር አቃተን» ይላሉ። ደግሞም «ሕጉ ፍጥነትን ከለከለ እንጂ ጩኸትን አልለካም፤ ጩኸት የሌለው ፈጣን አውሮፕላን ቢሠራ እንኳ ወንጀለኛ ያደርገዋል» ይላሉ። ሁለተኛው ነገራቸው እውነት አለበት፤ እኛም እንቀበለዋለን። የመጀመሪያው ግን አያሳምነንም። መሐንዲሶች ነጎድጓዱን የሚያለሰልስ ቅርጽ ለመፈለግ ብዙ ዓመት የደከሙት በሩ ስለ ተዘጋባቸው ነው። ሰማዩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ይህን ድካም ማን ይደክም ነበር? ገራፊው ጅራፉ የማይሰማው ከሆነ ድምፁን ለመቀነስ የሚያነሣሣው ምን ነገር አለ?

የዚህም ፍሬ መታየት ጀምሯል። ናሳ ከሎክሂድ ማርቲን ጋር ያሠራው ኤክስ-59 የሚባለው አውሮፕላን ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ፣ ሞተሩ ከላይ የተቀመጠ ነው። ቅርጹ የታሰበው ማዕበሎቹ ተደራርበው አንድ ግድግዳ እንዳይሆኑ ለመበታተን ነው፤ በማክ 1.4 ሲበር ከታች የሚሰማው ጎረቤት የመኪና በር ሲዘጋ ያህል እንዲሆን ታቅዷል። የመጀመሪያ በረራውን በኦክቶበር 28 ቀን 2025 አድርጓል፤ በዚያን ዕለት የበረረው ግን ከድምፅ በታች በሆነ ፍጥነት ነው። ቡም ሱፐርሶኒክ የሚባል የግል ኩባንያም ኤክስቢ-1 የተባለ የሙከራ አውሮፕላኑን በጃንዩዋሪ 28 ቀን 2025 ከድምፅ በላይ አብርሮ ነጎድጓዱ ምድር እንዳልደረሰ አስታውቋል። ምስጢሩ ይህ ነው፤ ከታች ያለው አየር ሞቃት በመሆኑ ድምፅ በዚያ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደው ማዕበል እየታጠፈ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ግን አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ከማክ 1 እጅግ ሳያልፍ ሲበርና የአየሩ ጠባይ ሲመች ብቻ ነው። በጁን 6 ቀን 2025ም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ የ1973ቱ ክልከላ እንዲነሣና በፋንታው የጩኸት ልክ እንዲወሰን ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሰጥተዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ተለውጧል። ቀድሞ «ይብረር ወይስ አይብረር» ነበር፤ አሁን «የጩኸቱን ልክ ማን ይወስናል» ሆኗል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነጎድጓዱ ዛሬም የት የት እንደሚሰማ መመልከት ይጠቅማል።

በጁን 4 ቀን 2023፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከመሬት ጋር መነጋገር ያቆመችን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለማግኘት የተላኩ ኤፍ-16 ጄቶች በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ላይ ከድምፅ በላይ በረሩ። አውሮፕላኗ በቨርጂኒያ ወድቃ በውስጧ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። ዋሽንግተንና ሰሜን ቨርጂኒያ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ነው፤ ዕለቱም በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጰራቅሊጦስ በዓል ነበር። ቤት የሚያናውጠው ድምፅ ሕዝቡን አስደነገጠ፤ ቦምብ ነው የመሰለው ብዙ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዕለት የአየር መከላከያው ክፍል ምክንያቱን ለሕዝብ ገለጸ፤ ነገሩም በዚያ አበቃ። በዋና ከተማቸው ላይ የተሰማ አንድ ነጎድጓድ የዓለም ወሬ ለመሆን የበቃው የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ስለ ሆነና ለሕዝቡ መልስ መስጠት ግዴታ ስለ ነበረ ነው።

በሌላ ሥፍራ ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ2005 የእስራኤል ጦር ከጋዛ ከወጣ በኋላ የጦር ጄቶች በጋዛ ሰማይ ላይ፣ ሌሊት ጭምር፣ ሆን ብለው ነጎድጓዱን ያወርዱ ነበር። ጦሩ ሮኬት ተኳሾችን ለመግታት ነው አለ፤ የጋዛ የአእምሮ ጤና ሠራተኞችና የእስራኤል ሐኪሞች ደግሞ የሚጎዳው ሰላማዊው ሕዝብ፣ ይልቁንም ሕፃናቱ መሆኑን ገልጸው በእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅብረት አቤት አሉ። በኦገስት 6 ቀን 2024 ደግሞ የእስራኤል ጄቶች በቤይሩት ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ነጎድጓዱን አሰሙ። በኦገስት 4 ቀን 2020 የወደቡን ታላቅ ፍንዳታ ያየ ሕዝብ ያን ድምፅ እንዴት እንደሚሰማው ለማሰብ አያዳግትም። በዚያች ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እኅቶቻችን ነበሩ። የሚሸሹበት የራሳቸው ቤት የላቸውም፤ አቤት የሚሉበት ደጅም ጠባብ ነው። እነዚህ እኅቶቻችን ስለ ነጎድጓዱ ከመቶው ስንት እጅ ይታገሡታል ብሎ መጠይቅ ያቀረበላቸው የለም።

እንግዲህ ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ሰማይ ላይ ምክንያቱ የሚገለጽለት ድንጋጤ ሲሆን በሌላው ላይ መቅጫ ሆኗል። ልዩነቱን የፈጠረው ፊዚክስ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ያለው መብት ነው። «ዛሬ ነጎድጓዱ ጠፍቷል» የሚለው ቃልም ግማሹ ብቻ እውነት የሚሆነው ስለዚህ ነው። የጠፋው አቤት ማለት ከሚችሉት ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲሱ የጩኸት ልክ በመሐንዲስ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ከታች በሚኖረው ሰው ጆሮ ይለካ፤ የሌሊት ተኚው፣ በሽተኛው፣ አራሷ፣ ከብት ጠባቂውም ይቈጠሩ። የተፈተነውም ባለ አንድ አውሮፕላን በረራ ሳይሆን በቀን ሊመጣ የሚችለው ብዛት ይሁን። ሁለተኛ፣ «አብዛኛው ለምዶታል» የሚለው መልስ ብቻውን ፍርድ አይሁን። የኦክላሆማው 27 እጅ ሰው ነበር እንጂ ቍጥር አልነበረም፤ ጥቅሙን የሚወስደው ጥቂት፣ ጉዳቱን የሚሸከመው ብዙ በሆነበት ነገር ላይ የሚሸከመው ሰው ቃል ሊከብድ ይገባዋል። የሚሰበረውንም መስተዋት ተበዳዩ እስኪያስረዳ ከመጠበቅ ያበረረው ይክፈል። ሦስተኛ፣ አንድ አገር በገዛ ምድሯ የማትፈቅደውን በሌላው ምድር ላይ እንዳታደርገው የዓለም ሕግ ይኑር።

በዚህ በሦስተኛው ነገር አገራችን ዝም ብላ ተመልካች መሆን የለባትም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል ናት፤ በአፍሪካም ትልቁ አየር መንገድ የእርሷ ነው። ያ ድርጅት ነጎድጓዱ በሕዝብ ላይ የማይገባ ችግር እንዳያመጣ የሚል ውሳኔ በጉባኤዎቹ ሲደጋግም ኖሯል። «የማይገባ» የሚለውን ቃል የሚተረጕሙት ግን አውሮፕላኑን የሚሠሩት አገሮች ብቻ እንዳይሆኑ ያሠጋል። ማሌዥያና ሕንድ በ1970ዎቹ የተናገሩትን እኛም ነገሩ በራሳችን ላይ ከመድረሱ በፊት ለመናገር መዘጋጀት አለብን። ለሠላሳ ባለጸጎች የሁለት ሰዓት ትርፍ ሲባል የጎጃምና የቦረና ገበሬ እየደነገጠ እንዲኖር ማን ይፈቅዳል? ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ካሁኑ ካልተጠየቀ፣ ከተሰጠ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ይህ ሥራ ለአንድ ፋኩልቲ የሚተው አይደለም። የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪ ልኩን ይማር፤ ቍጥሩንም ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይግለጽ። የሕግ ተማሪ ከምድራችን በላይ ያለውን ሰማይ የሚገዛው ደንብ ምን እንደሚል ያንብብ፤ ጎደሎ ካለበትም ያሳይ። የሕክምና ተማሪ ድንገተኛ ድምፅ በሰው እንቅልፍና ልብ ላይ የሚያደርገውን ይመርምር። ሸርክሊፍና ሉንድበርግ ከመሣሪያቸው ቀና ብለው የታች ሰው ጠበቃ ለመሆን የበቁት የሚያውቁትን ለራሳቸው ይዘው ዝም ማለት ስላልቻሉ ነው። ሕዝብ በግብሩ የሚያስተምረን እኛም የተማርነው ትምህርት የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። ሰማያችን ዛሬ ዝም ያለው ሌሎች ስለ ተከራከሩልን ነው፤ ነገ ዝም እንዲል ከተፈለገ የሚከራከረው ተረኛ እኛ ነን።